አሮጌውን ኮምፒውተር ከመሰካትሽ በፊት

ቆይ ሚጣ፣ አትሰኪው። እጅሽን እንዳሳከከሽ ይገባኛል፤ የጋሼ ኮምፒውተር ከዕቃ ቤት ወጥቶ፣ አቧራው ተራግፎ፣ ገመዱ እንኳ አብሮት ተገኝቶ ዝም ብሎ ማየት ከባድ ነው። ግን ይህ ማሽን ለመጨረሻ ጊዜ ሲበራ አንቺ ገና ፊደል አልቆጠርሽም። ያን ያህል የከረመ ዕቃ በአንድ ቁልፍ አይነሣም፤ ቢነሣም ሲነሣ የሚያበላሸው ነገር ይኖራል። ሻይሽን ጨርሺና ካቻቢቴውን አምጪ። እኔ ከኋላሽ ሆኜ እነግርሻለሁ፣ ሥራው ግን የአንቺ ነው።

መጀመሪያ ጀርባውን እዪ። ከፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ አጠገብ ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለች፤ በአንድ በኩል 115፣ በሌላው 230 ትላለች። ይህ ኮምፒውተር ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ እዚያ የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። መቀየሪያዋ 115 ላይ እንዳለች ግድግዳ ላይ ብትሰኪው ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች እንደ ርችት ይፈነዳሉ፣ ቤቱም በጭስ ይሞላል። «ጋሼ እዚሁ አዲስ አበባ ሲሠራበት ነበር» እንዳትዪኝ። ያኔ ብዙ ሰው ከአሜሪካ የመጣ ዕቃን በትራንስፎርመር ነበር የሚያሠራው፤ ትራንስፎርመሩ ደግሞ አሁን የለም። አየሽው? 115 ላይ ናት። አዙሪያት።

አሁን ሣጥኑን ክፈቺ፤ ገመዱ ከግድግዳ ተነቅሎ ብቻ ሳይሆን ከኮምፒውተሩም ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይታይ። ይህን የምደጋግመው በዚያ ዘመን ኤቲ በሚባሉት ሣጥኖች ፊት ለፊት ያለው ማብሪያ ራሱ የግድግዳውን 220 ቮልት ስለሚሸከም ነው። ዛሬ ያሉት ኮምፒውተሮች ማብሪያ አነስተኛ ምልክት ብቻ ነው የሚልከው፤ የዚህኛው ግን ይገድላል። ከፓወር ሰፕላዩ ተነሥቶ እስከ ፊት የሚሄደውን ወፍራም ጥቁር ገመድ ተከተይው፤ ጫፉ ላይ ያሉት መሰኪያዎች ልባሳቸው የተሰነጠቀ ወይም የላላ ከሆነ ሳይጠገን መብራት አይነካውም።

የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ግን አንቺ አትክፈቺው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ቴሌቪዥን ለሚጠግን ሰው ስጪው፤ ያበጠ ወይም ያለቀሰ ካፓሲተር ካለ ይቀይረው። ሪፋ የሚል ስም ያለባቸው፣ ወርቅማ የሆኑና የተሰነጣጠቁ ካሉም ይቀየሩ፤ ከብዙ ዓመት እንቅልፍ በኋላ መብራት ሲያገኙ ጭስና ክፉ ሽታ የሚለቁት እነሱ ናቸው። ከተመለሰልሽ በኋላ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገቡትን ሁለት ረጃጅም መሰኪያዎች ስትሰኪ ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሃል ላይ ጎን ለጎን መሆናቸውን አረጋግጪ። ተገላብጠው ቢገቡ ቦርዱ ይቃጠላል፣ ማንም አያድነውም። ከመሰካትሽም በፊት በቴስተር ለኪው፦ ከጥቁሩ ጋር ሲለካ ቀዩ 5 ቮልት፣ ቢጫው 12 ቮልት መስጠት አለበት። እንዲህ ያለው ፓወር ሰፕላይ ሸክም ከሌለው በትክክል ላይሠራ ይችላልና የማትሳሺለትን አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰክተሽ ሞክሪው። የጋሼን እንዳይሆን!

ወደ ቦርዱ እንምጣ። ከኪቦርዱ መሰኪያ አጠገብ ያለችውን በርሜል የመሰለች ባትሪ አየሻት? ዙሪያዋ አረንጓዴ ዝገት የሚመስል ነገር ወጥቶባታል። ከፈረንጆቹ ሰማንያዎቹና ዘጠናዎቹ የተረፉ ቦርዶችን ከመብራት ይልቅ የፈጀች ይህች ናት። ኒኬል ካድሚየም ነች፣ 3.6 ቮልት፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱንና ቅንብሩን እንዲያስታውስ ነበር ሥራዋ። ስታረጅ የያዘችው ፈሳሽ ይወጣና የመዳቡን መስመሮች እየበላ ይሄዳል፤ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ማንም ሳይነካው። አሁኑኑ እግሮቿን በፒንሳ ቁረጪና አንሺያት። ጓንት አድርጊ፣ ካድሚየም መርዝ ነው። ቆሻሻ ውስጥም አትጣያት።

ከባትሪዋ የወጣው ፈሳሽ ጠባዩ የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ የሚያበርደው ከወጥ ቤት ያለው ነጭ አቼቶ ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትንሽ አቼቶ አድርገሽ አረንጓዴውን ብቻ ፈትጊው፤ ትንሽ አረፋ ያወጣል። ከዚያ አቼቶው ራሱ እንዳይቀር በንጹሕ የባትሪ ውኃ እጠቢው፤ የመኪና ባትሪ የሚሞላበትን ዲስትልድ ውኃ ነው የምልሽ፣ ነዳጅ ማደያ ታገኚዋለሽ። በመጨረሻ በአልኮል ጥረጊውና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተዪው። መድረቁን አትቸኩዪበት፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጠሽው ቡና ጠጥተሽ መመለስ ብቻ አይበቃም፣ ይደር። ሲደርቅ በማጉያ መነጽር መስመሮቹን ተመልከቺ፣ የጠቆረውን በቴስተር ፈትሺ፣ የተበጠሰ ካለ በቀጭን ሽቦ ይበየዳል።

አዲስ ባትሪ በዚያው ቦታ አትበይጂ። እንዲህ ባሉ ቦርዶች ላይ ብዙ ጊዜ አራት እግር ያላት የውጪ ባትሪ መሰኪያ አጠገቡ አለች፤ ሦስት ባትሪ ድንጋይ የሚይዝ ማቀፊያ በረጅም ሽቦ እሷ ላይ ሰክተሽ ከቦርዱ አርቀሽ ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር ለጥፊው። ከጎኗ ያለችው ጃምፐርም ወደ ውጪ ባትሪ መዞር አለባት፤ ያን ረስተው ባትሪው አልሠራም የሚሉ አሉ። መሰኪያው ከሌለ ግን ቦርዱ የድሮዋን ባትሪ ቻርጅ ያደርግ ስለነበር፣ ቻርጅ የማይደረገውን ባትሪ ድንጋይ ከማገናኘትሽ በፊት አንድ ዳዮድ መሃል ይገባል። ዳላስ የሚል ጥቁር ጡብ መሳይ ቺፕ ያለባቸው ቦርዶችም አሉ፤ የእነሱ ባትሪ ውስጣቸው ታሽጎ ስለሆነ አያፈሱም፣ ሲሞቱ ቺፑ ይቀየራል። የጋሼ ግን እንደዚያ አይደለም።

አሁን የምነግርሽን ልብ በዪ። ባትሪው ስለሞተ ኮምፒውተሩ ሁሉን ረስቷል። የማሽኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ዶስ፣ ቀን ሲጠፋው የሚመለሰው ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972። ከቀኑ ጋር የረሳው ሌላ ነገር አለ፣ ሃርድ ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ። ብዙ ሰው ማሽኑን አብርቶ ዲስክ የለም የሚል መልእክት ሲያይ ዲስኩ ሞቷል ብሎ ነቅሎ ለቆራሌው ይሰጠዋል። ዲስኩ ግን ደኅና ነበር፤ የረሳው ባዮሱ ነው፣ ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሣው ፕሮግራም። በእነዚህ ማሽኖች ላይ የሲሊንደሩን፣ የሄዱንና የሴክተሩን ቁጥር ሰው ነበር የሚሞላው፤ ከተዘጋጁት ዝርዝሮች መጨረሻ ላይ ባለው በዓይነት 47 ውስጥ ይጻፋል። ቁጥሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አሉ። አሁኑኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የጃምፐሮቹንም አንሺ፣ የገመዱንም አቅጣጫ አንሺ። ከዚያ በኋላ ነው ምንም ነገር የምትነቅዪው።

እንግዲህ ዲስኩ። እዚህ ላይ ቆጣ ብል አትቀየሚኝ። ኮምፒውተሩንና ዲስኩ ላይ ያለውን ለይተሽ እዪ። ኮምፒውተሩ ዛሬ ባይነሣ በሚቀጥለው ወር ይነሣል፤ ዲስኩ ግን አንዴ ከተነሣ ያ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልይ» ብለሽ አታብሪው። የሚገለብጠው ነገር ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ ብቻ ነው መብራት የሚያገኘው። እስካንዲስክ አታስኪጂበት፣ «ላስተካክል» ብለሽ ምንም አትጻፊበት። ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው የሚልሽ ጓደኛ አይጠፋም፤ ሲወጣ ጤዛ ይይዘዋል፣ አትስሚው። ክዳኑን መክፈት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ፤ አንዲት ብናኝ አቧራ ትበቃዋለች።

የመገልበጡ ነገር እንዲህ ነው። ከገበያ የሚገኘው ዲስክን በዩኤስቢ የሚያገናኝ ገመድ ላፕቶፕሽ ላይ ይሠራል ብለሽ ተስፋ አታድርጊ። ያ ገመድ ዲስኩን የሚያናግረው ኤልቢኤ በሚባል አቆጣጠር ነው፤ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ዲስኮች ብዙዎቹ ደግሞ የሚያውቁት የሲሊንደርና የሄድ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ አይግባቡም፣ አንቺም ዲስኩ ሞቷል ትያለሽ። የሚሻለው ባለ 40 እግሩ ሰፊ ኬብል የሚገባበት የፔንቲየም ዘመን ዴስክቶፕ ነው፤ የቢሮ መጋዘን ይሁን የዘመድ ቤት፣ እንዲህ ያለ አይጠፋም። ሊኑክስ ከሲዲ አስነሺበትና ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ አንድ ፋይል ቅጂው። የዚህ ፕሮግራም ጥበቡ አልነበብ ያለው ቦታ ላይ አለመጣበቁ ነው፤ አልፎት ይሄድና ደኅናውን ሁሉ ከወሰደ በኋላ ወደ ታመመው ቦታ ይመለሳል። የጋሼ ዲስክ ምን ያህል ነበር? 120 ሜጋባይት። ዛሬ ስልክሽ ላይ ካለችው የሠርግ ቪዲዮ ያንሳል፤ ከነድካሙ ቶሎ ያልቃል። ዴስክቶፑ ከጠፋ ዶስ 6 ራሱ ሁለት ኮምፒውተሮችን በፕሪንተር መሰኪያቸው በገመድ የሚያገናኝ ኢንተርሊንክ የሚባል ነገር አለው፣ ቀርፋፋ ቢሆንም ይሠራል።

ለምን ሙሉውን ዲስክ አልሽ? የጋሼን ደብዳቤዎች ብቻ መርጬ ልውሰድ ብለሻል፣ ሰምቼሻለሁ። ስሚኝ፤ ጋሼ የጻፈው በአማርኛ ነው። ግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት ቪዥዋል ግዕዝም ፓወር ግዕዝም ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ችግሩም የመነጨው ከፊደላችን ብዛት ነው። አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ነበር፣ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘ ነው። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ከነቅጥያው በቁርጥራጭ ይገጣጥመዋል፣ አንዳንዱ ለሁለት ፎንት ያካፍለዋል። ደብዳቤውን ብቻ ወስደሽ ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ስትከፍቺው የምታዪው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ነው። ፎንቱ፣ ፕሮግራሙ፣ የኪቦርዱ ፋይል አብረው ከመጡ ግን ጋሼ እንደጻፈው ይነበባል፤ ኋላም ወደ ዩኒኮድ የሚቀይረው ሰው የቱ ኮድ እንደሆነ ያውቃል። የማታውቂውን ፋይል ሁሉ ውሰጂ። አሮጌ ፋይል ስሙ በስምንት ፊደል የታጠረ ስለሆነ የትኛው ምን እንደሆነ በስም አትለዪውም።

ፋይሉ ከወጣና ሁለት ቦታ ከተቀመጠ በኋላ አሮጌውን ዲስክ አሳርፊው። አሁን የምንፈልገው ማሽኑ በየቀኑ የሚሠራበትን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ልክ ያንኑ ዓይነት ዲስክ መፈለግ ነው። ሠሪው ኮነር ከሆነ ኮነር፣ ኳንተም ከሆነ ኳንተም። አልመክርሽም። ኮነርን ሲጌት በ1996 እንደ ፈረንጆቹ ጠቅልሎታል፤ የኳንተም የሃርድ ዲስክ ክፍል ወደ ማክስተር ሄዷል፣ ማክስተርን ደግሞ በ2006 ያው ሲጌት ገዝቶታል። አዲስ የሚሠራው የለም ማለት ነው። ምናለሽ ተራ ገብተሽ ቆፍረሽ ብታገኚ እንኳ የምታገኚው የጋሼን ዲስክ እኩያ ነው፣ በዕድሜም በሕመምም። ለኤግዚቢሽን ካልሆነ በስተቀር የሚሽከረከር አሮጌ ዲስክ ገንዘብ አይወጣበትም።

ሌላው ስሕተት ተቃራኒው ነው፤ «ዛሬ ቴራባይት ርካሽ ነው» ብሎ ትልቁን መሰካት። እዚህ ላይ የሚወስነው የገንዘብሽ አቅም ሳይሆን የባዮሱ እውቀት ነው። እንደዚህ ማሽን ያለ፣ 486 ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ባዮስ የሚቆጥረው እስከ 1024 ሲሊንደር፣ 16 ሄድ፣ 63 ሴክተር ነው፤ እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ይይዛል። አባዢው፦ 528,482,304 ባይት ይመጣል፣ ማሽኑ በሚቆጥርበት 504 ሜጋባይት። ከዚያ በላይ ያለውን አያውቀውም። ትልቅ ዲስክ ስትሰጪው አንዳንዱ ባዮስ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ያያል፣ አንዳንዱ ደርቆ ይቀራል። ሻል ያለ ባዮስ ቢኖረውም ዶስ 6.22 አንድን ክፍል ከ2 ጊጋባይት በላይ አያደርግም። ደግሞስ ለምን ያስፈልግሻል? ዶስና ዊንዶውስ 3.1 ተደምረው ከ20 ሜጋባይት ብዙም አያልፉም።

የምመክርሽ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ነው። ሳንዲስክ በ1994 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል የካሜራ ካርድ። ለአንቺ ጥሩው ነገር ይህ ካርድ ከውስጡ የሚናገረው የጋሼ ዲስክ የሚናገረውን ያንኑ የድሮውን የአይዲኢ ቋንቋ መሆኑ ነው። ስለዚህ ካርዱን ከዲስክ ኬብሉ ጋር የሚያስተሳስረው አገናኝ ብልህ መሆን አያስፈልገውም፤ ከካርዱ እግሮች ወደ 40ዎቹ እግሮች ሽቦ የሚያደርስ ሰሌዳ ብቻ ነው፣ ዋጋውም ትንሽ። ካርዱ አይሽከረከርም፣ አይጮኽም፣ መብራት ድንገት ሲሄድም የሚላተም ሄድ የለውም። በእኛ ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ካርዱን የት እንደምታገኚ ልንገርሽ። አንደኛ ፎቶ ቤቶች። ካኖን 5ዲ ማርክ ቱ፣ ኒኮን ዲ300 የመሳሰሉት ካሜራዎች በዚህ ካርድ ነበር የሚሠሩት፤ ሠርግ ሲያነሡ የነበሩ ሰዎች መሳቢያቸው ውስጥ የማይጠቀሙበት ይኖራቸዋል። ትልቁን 16 ጊጋባይት ሊሰጡሽ ይፈልጋሉ፣ አንቺ ግን «ትንሹን፣ የመጀመሪያውን» በይ፤ 256 ወይም 512 ሜጋባይት። 512 የሚለው ከ504 ይበልጣል ብለሽ አትፍሪ፤ የካርድ ሠሪዎቹ ሜጋባይት የሚቆጥሩት በሚሊዮን ስለሆነ ከገደቡ በታች ይውላል። ሁለተኛ፣ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፣ የቢሮ ኔትወርክ ክፍሎች ናቸው። ሲስኮ 1841 እና 2811 የሚባሉት ራውተሮች ሶፍትዌራቸው የሚቀመጠው በኮምፓክት ፍላሽ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ 64 ሜጋባይት። ለዶስ ይተርፋል። አገልግሎቱን የጨረሰ ራውተር ያለበት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጓደኛ ካለሽ ጠይቂ፤ ግን በወረቀት ይሁን፣ ከንብረት ክፍል ጋር በአንድ ካርድ የተነሣ እንዳትጋጪ።

አገናኙን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው ንገሪ፤ ከፖስታ አይበልጥም፣ ማንም ሻንጣው ውስጥ ይይዘዋል። ሲገዛ ባለ 40 እግር ይሁን፤ ባለ 44ቱ ለላፕቶፕ ነው። 3.3 እና 5 ቮልት የሚመርጥ ጃምፐር ካለው 5 ላይ አድርጊ። የኬብሉ ቀይ ጠርዝ እግር 1 ወደሚለው ይዙር። ማስተር ላይ አድርጊው፣ የጋሼን ዲስክ በዚያው ኬብል ላይ ደርበሽ አትስኪ፤ የመጀመሪያዎቹ አይዲኢ ዲስኮች ከሌላ ሠሪ ጋር አብረው ሲታሰሩ ይጣላሉ። ካርዱን ስታስገቢ ቀጥ አድርገሽ፣ መብራቱ ጠፍቶ። ውስጥ ያሉት እግሮች ቀጫጭን ናቸው፣ አንዷ ከታጠፈች ቀኑን ሙሉ ስታቀኚ ትውያለሽ።

ሌሎች አማራጮች አሉ። ኤስዲ ካርድ በየሱቁ አለ፤ ነገር ግን አገናኙ መሃል ላይ የሚያስተረጉም ቺፕ ስለሚያስፈልገው ከአንዳንድ አሮጌ ባዮስ ጋር አይስማማም፣ ካርዶቹም ዛሬ በጊጋባይት ነው የሚሸጡት። ኮምፓክት ፍላሽ ካጣሽ ሞክሪው። የፔንቲየም 4 ዘመን 40 ጊጋባይት ዲስክ በነጻ ቢሰጡሽም ባዮስሽን ሊያደርቀው ይችላል። ገደቡን የሚያልፍ ነገር ከፈለግሽ ኤክስቲ አይዲኢ ዩኒቨርሳል ባዮስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ በሮም ቺፕ ላይ ተጽፎ በአሮጌ ኔትወርክ ካርድ ባዶ የሮም ሶኬት ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑም ትልልቅ ዲስክ ማወቅ ይጀምራል። ቆንጆ ሥራ ነው፣ ቺፕ የሚጽፍ መሣሪያ ያለው ሰው ካገኘሽ። ለዛሬ አያስፈልግሽም። ማሽኑ ከዚህም ያረጀ ኤክስቲ ቢሆን ኖሮ ግን መድኃኒቱ ይኸው ባዮስ ከአይዲኢ ካርድ ጋር ነበር፤ እነሱ የተሠሩት ባለ 20 ሜጋባይቱን ሲጌት ኤስቲ-225 የመሰለ ዲስክ ሁለት ኬብል ይዞ በሚሄድበት ዘመን ስለሆነ አይዲኢ መሰኪያ ራሱ የላቸውም።

ካርዱ ከገባ በኋላ ባዮሱ ውስጥ ገብተሽ ዲስክ ፈልግ የሚል ካለ እሱን ምረጪ፤ ያገኘውን የሲሊንደር፣ የሄድና የሴክተር ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊው። የካርዱን ክፍፍል ላፕቶፕሽ ላይ አትሥሪው። ላፕቶፑ በሌላ ቁጥር ይከፍለዋል፣ እዚህ ስታመጪው አልነሣም ይላል። እዚሁ ማሽን ላይ፣ በዶስ ፍሎፒ ተነሥተሽ፣ በኤፍዲስክ ክፈይው፣ ክፍሉን አክቲቭ አድርጊው፣ ሲስተሙን ጨምረሽ ፎርማት አድርጊው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማብሪያውን ስትጫኚ ጥቁር ስክሪን ላይ ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም ካለች አትደንግጪ፤ የካሜራ ካርድ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሴክተር ላይ የማስነሻ ኮድ የለውም። ኤፍዲስክን ኤምቢአር ከሚለው ትእዛዝ ጋር አንዴ አስኪጂው፣ ኮዱን ይጽፈዋል። ካርዱ ተበላሽቷል ተብሎ ለሻጩ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህች ምክንያት ነው።

ፍሎፒ ከየት ላምጣ አልሽ? 1.44ቱ ፍሎፒ ካለሽ መጀመሪያ የድራይቩን ሄድ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጊው፤ ቆሻሻ ሄድ የቀረሽን አንድ ደኅና ፍሎፒም ይፍቀዋል። ከሌለሽ ጎቴክ የምትባል ሣጥን አለች፤ በፍሎፒ ድራይቩ ቦታ ትገባለች፣ ፍላሽ ዲስክ ትጎርሳለች፣ ማሽኑ ግን ፍሎፒ መስሎት ይሠራል። ከአገናኙ ጋር አብራ ትምጣ። ዋናው ዶስ ከጠፋ ፍሪዶስ በነጻ አለ፣ ለዚህ ማሽን ይበቃዋል። ለዊንዶውስ 3.1 ግን የጋሼ ኮፒ ውስጥ ያለው ዶስ ይሻላል፣ ከሙሉው ዲስክ ቅጂ ታወጪዋለሽ።

ሞኒተሩን አትክፈቺው። ስለ እሱ የምነግርሽ ይኸው ብቻ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያለበት ዕቃ ነው።

የጋሼ ዲስክ ላይ የቁጥሮቹን ወረቀት ለጥፊበት፣ «ተገልብጧል፣ አይጣል» ብለሽ ከላይ ጻፊበት፣ እቴቴ ቤት ስታጸዳ ከምትደርስበት ቦታ አርቀሽ አስቀምጪው። ኮምፒውተሩ በካርዱ ከተነሣና የጋሼ ደብዳቤ በራሱ ፊደል ስክሪኑ ላይ ከተነበበ በኋላ ካርዱን አውጥተሽ ላፕቶፕሽ ላይ እንዳለ ወደ አንድ ፋይል ቅጂው። ካርድም ያልቃል፣ ይጠፋል፣ ልጅ ይወስደዋል። ስለዚህ ነገ ፎቶ ቤት ስትሄጂ አንድ ካርድ ብቻ ይዘሽ እንዳትመለሺ፤ ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን፣ ከተቻለም የአንድ ሠሪ የሆኑትን ሁለት ግዢ።